በቤተ መንግሥቱና በባቡሩ መካከል፦ የአልፍሬድ ኢልግ ሕይወት (1854–1916)

መግቢያ

ከአዋሽ ጣቢያ ተነሥቶ በመተሐራ፣ በወለንጪቲ፣ በአዳማ፣ በሞጆና በቢሾፍቱ አልፎ አዲስ አበባ የሚገባው አሮጌው የባቡር መሥመር ለእነዚህ ከተሞች መመሥረትና ማደግ ያደረገው አስተዋጽኦ በከተሞች ታሪክ ጥናት ውስጥ የታወቀ ነው። ይሁንና የመሥመሩን ሐሳብ ለመጀመሪያ ጊዜ ለዳግማዊ ምኒልክ አቅርቦ ያስፈቀደው፣ የመጀመሪያውን ውልም በስሙ የተቀበለው ሰው በከተሞቹ ዘንድ እምብዛም አይታወስም። ይህ ሰው ስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ነው።

ስለ ኢልግ የተጻፉ ሥራዎች አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት በአንዱ ያተኩራሉ። አንዳንዶቹ ዘመናዊ ሥልጣኔን ወደ ኢትዮጵያ ያስገባ ባለሙያ አድርገው ያቀርቡታል፤ ሌሎቹ ደግሞ በአድዋ ዘመን ዲፕሎማሲ ውስጥ የነበረውን ሚና ያጎላሉ። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ ሁለቱን ገጽታዎች በአንድ ላይ መመልከት ነው። ኢልግ የንጉሠ ነገሥቱ አማካሪ ሆኖ ሳለ የባቡሩም ባለውል ነበር። የአገርን ጥቅም እንዲጠብቅ የተሾመ ሰው በአገሪቱ ላይ ትልቁን የውጭ ገንዘብ ከሚያንቀሳቅሰው ድርጅት ጋር በጥቅም ተሳስሮ መኖሩ ለስኬቱም ለውድቀቱም ምክንያት ሆኗል። ተለይቶ «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር በጽሑፉ የሚጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

ልደትና ወደ ሸዋ የተደረገው ጉዞ

አልፍሬድ ኢልግ መጋቢት 30 ቀን 1854 በአውሮፓውያን አቆጣጠር በስዊዘርላንድ፣ በቱርጋው ክፍለ ግዛት፣ በፍራውንፌልድ ከተማ ተወለደ። ከፍተኛ ትምህርቱን በዙሪክ በሚገኘው የፌዴራል ፖሊቴክኒክ ተከታትሎ የማሽን ምሕንድስና ባለሙያ ሆነ። የዙሪክ ፖሊቴክኒክ በዚያን ጊዜ የባቡር መንገድ፣ የድልድይና የውኃ ሥራ መሐንዲሶችን በብዛት ከሚያሠለጥኑ የአውሮፓ ትምህርት ቤቶች አንዱ ነበር። የስዊዘርላንድ ተራሮች ራሳቸው ለተማሪዎቹ የልምምድ ሜዳ ነበሩ ማለት ይቻላል፤ ኢልግ በተማረባቸው ዓመታት የጎትሃርድ የባቡር ዋሻ በአልፕስ ተራሮች ሥር እየተቆፈረ ነበር።

በዚያው ዘመን የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ የእጅ ሥራ የሚያውቁ አውሮፓውያንን ይፈልጉ ነበር። ጥያቄያቸው በኤደን በሚነግዱ የስዊዘርላንድ ነጋዴዎች በኩል ወደ ዙሪክ ደረሰ። ኢልግም አፐንዜለርና ዚመርማን ከሚባሉ ሁለት የአገሩ የእጅ ባለሙያዎች ጋር ጉዞውን ተቀበለ። ከባሕሩ ዳርቻ በዘይላ በኩል ተነሥቶ የአፋርን በረሃ ማቋረጥ በዚያን ጊዜ በግመል ሲራራ የሚፈጸም፣ ብዙ ወራት የሚወስድና ሕይወትን ለአደጋ የሚያጋልጥ ጉዞ ነበር። ቡድኑ በ1879 አንኮበር ገባ። ኢልግ ያን ጊዜ ገና ወጣት ነበር።

ምኒልክ ስዊዘርላንዳዊን መምረጣቸው ያለ ምክንያት አልነበረም። ስዊዘርላንድ የባሕር በር የላትም፤ ቅኝ ግዛትም ሆነ የጦር መርከብ አልነበራትም። ከእንግሊዝ፣ ከፈረንሳይ ወይም ከኢጣሊያ የሚመጣ ባለሙያ ከኋላው መንግሥቱን ይዞ ይመጣል ተብሎ ይጠረጠር ነበር፤ ስዊዘርላንዳዊው ግን ከሙያው በቀር የሚከተለው ኃይል አልነበረም። ይህ እምነት ለ27 ዓመታት ያህል ለኢልግ የቤተ መንግሥቱን በር ከፍቶለት ኖረ።

የእጅ ሥራ ዘመን

በሰፊው ሲተረክ እንደኖረው፣ ኢልግ እንደ ደረሰ ንጉሡ መጀመሪያ ያዘዙት መንገድ ወይም ድልድይ ሳይሆን ጫማ እንዲሠራላቸው ነበር። እርሱም ከአውሮፓ የመጣን ጫማ ፈትቶና ተመልክቶ አንድ ጥንድ ሠራ፤ ከዚያም ጠመንጃ እንዲሠራ ታዘዘ፤ ይህንንም ከብዙ ድካም በኋላ ፈጸመ። ታሪኩ ሲደጋገም እየተዋበ መጥቶ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን በዚያን ዘመን በሸዋ ቤተ መንግሥት ባለሙያ እንዴት ይመዘን እንደነበር በትክክል ያሳያል። አንጥረኛ፣ አናጢ፣ ግንበኛና ሰፊ ለየብቻቸው የተከፈሉ ሙያዎች መሆናቸው ለንጉሡ አያሳስባቸውም ነበር። ብልሃተኛ የተባለ ሰው ሁሉንም ማወቅ ነበረበት።

ኢልግ በእነዚህ ዓመታት አማርኛን አቀላጥፎ መናገር ቻለ። ይህ ችሎታ ከምሕንድስናው ያላነሰ ዋጋ ነበረው። ንጉሡ ከአውሮፓውያን ጋር በሚያደርጉት ንግግር ሁለቱንም ወገን በቀጥታ የሚሰማ ሰው አገኙ። በአማርኛ ደብዳቤዎችም «ሙሴ ኢልግ» እየተባለ ይጠራ ጀመር።

ከመጀመሪያዎቹ ትልልቅ ሥራዎቹ አንዱ በ1880ዎቹ በአዋሽ ወንዝ ላይ የሠራው የእንጨት ድልድይ ነው። አዋሽ በክረምት ሲሞላ ሲራራ ነጋዴውንም ሠራዊቱንም ለሳምንታት የሚያቆም ወንዝ ነበር። በዘመኑ በሸዋ የብረት ፋብሪካም ሆነ የእንጨት መሰንጠቂያ ስላልነበረ ግንዱ በሰው ኃይል ከሩቅ መጎተት፣ ምስማሩና ማያያዣውም በአካባቢው አንጥረኞች መቀጥቀጥ ነበረበት። የድልድዩ ፋይዳ ለንግድ ብቻ አልነበረም፤ ምኒልክ በጥር 1887 ሐረርን ከያዙ በኋላ ሸዋን ከሐረርና ከባሕሩ ጋር የሚያገናኘው መንገድ የመንግሥቱ የደም ሥር ሆኗል። ዛሬ የኦሮሚያ ስምጥ ሸለቆ ከተሞች የተሰለፉበት አቅጣጫ በዚሁ የምሥራቅ መንገድ ፍላጎት የተወሰነ መሆኑን ልብ ይሏል።

መናገሻው ወደ አዲስ አበባ ከተዛወረ በኋላ ኢልግ በቤተ መንግሥቱ ግንባታዎች ተሳትፏል። በ1890ዎቹ አጋማሽ ደግሞ ከእንጦጦ ግርጌ የሚወጣውን ምንጭ በቧንቧ ወደ ግቢው አስገባ። ምንጩ ከግቢው ኮረብታ ከፍ ባለ ሥፍራ ላይ በመሆኑ ውኃው ወደ ሸለቆው ወርዶ እንደገና ወደ ኮረብታው በራሱ ግፊት መውጣት ይችላል። ለመሐንዲሱ ይህ ቀላል የፊዚክስ ሕግ ነው፤ ለተመልካቹ ግን ውኃ ሽቅብ ሲሄድ ማየት እንግዳ ነገር ነበር። ሥራው በዘመኑ ሰዎች ዘንድ የፈጠረው መደነቅ በጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ ዜና መዋዕል ሳይቀር ተመዝግቦ ይገኛል።

ንግድና የሥነ ምግባር ወሰን

የኢልግ ገቢ ከንጉሡ ችሮታ ብቻ የሚገኝ አልነበረም። ለቤተ መንግሥቱ ዕቃ የሚገዛ ወኪልም ነጋዴም ነበር። በዚህ ሥራ ከገጠሙት ሰዎች መካከል በዓለም ዘንድ ስመ ጥር የሆነው ግጥም መጻፍ ትቶ በሐረር ንግድ የያዘው ፈረንሳያዊ አርተር ራምቦ ነው። ራምቦ በ1887 ጠመንጃ ጭኖ ወደ ሸዋ መጥቶ በውሉ ከከሰረ በኋላ ወደ ሐረር ተመልሶ ከ1888 እስከ 1891 ድረስ ከኢልግ ጋር ተጻጽፏል። ደብዳቤዎቹ በ1960ዎቹ በመጽሐፍ መልክ ታትመዋል።

ደብዳቤዎቹ ስለ ሥነ ጽሑፍ የሚሉት ነገር የለም። የሚያወሩት ስለ ዝሆን ጥርስ፣ ስለ ዝባድ፣ ስለ ቡና፣ ስለ ግመል ኪራይና ስላልተከፈለ ዕዳ ነው። ኢልግ ራምቦ የሚልክለት ዕቃ በሸዋ ገበያ ፈላጊ የሌለው መሆኑን እየጠቀሰ ያማርራል። ከሁሉ ይልቅ ለሕይወት ታሪክ ጸሐፊ የሚጠቅመው ግን አንድ የእምቢታ መልስ ነው። ራምቦ አንዲት በቅሎና ሁለት ባሪያ ልጆች እንዲገዛለት ጠይቆት ነበር። ኢልግ በ1890 በሰጠው መልስ በቅሎዋን በሚመለከት ባይቃወምም ባሪያ ገዝቶ እንደማያውቅና ሊጀምርም እንደማይፈልግ ገለጸ። የባሪያ ንግድ በአካባቢው የዕለት ተዕለት ነገር በነበረበት፣ ከእርሱ ጋር የሚነግዱትም ሳይነኩት በማያልፉበት ዘመን ኢልግ ለራሱ ያስቀመጠውን ወሰን ይህ መልስ ያሳያል።

የ1894ቱ ውል

ባቡር ወደ ኢትዮጵያ የማስገባት ሐሳብ በኢልግ አእምሮ ውስጥ ለረጅም ጊዜ የቆየ ነበር። አጼ ዮሐንስ በሕይወት ሳሉ ግን የሸዋው ንጉሥ ብቻቸውን እንዲህ ያለ ውል ሊፈርሙ አይችሉም ነበር። አጼ ዮሐንስ በመጋቢት 1889 በመተማ ከወደቁና ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ከሆኑ በኋላ ነገሩ መልክ ያዘ። በ1893 ምኒልክ ኢልግ የመሥመሩን ጥናት እንዲያካሂድ ፈቀዱ። መጋቢት 1 ቀን 1886 ዓ.ም. (መጋቢት 9 ቀን 1894 እ.ኤ.አ.) ደግሞ ኩባንያ አቋቁሞ መሥመሩን የመሥራት መብት በውል ሰጡት። ዋና ተባባሪው ፈረንሳያዊው ነጋዴ ሌዮን ሸፍኔ ነበር።

ውሉ ለ99 ዓመታት የሚቆይ ነበር። መሥመሩ በሦስት ክፍል ተከፍሎ ነበር፤ የመጀመሪያው ከጅቡቲ እስከ ሐረር፣ ሁለተኛው ከሐረር እስከ እንጦጦ፣ ሦስተኛው ከእንጦጦ ተነሥቶ በከፋ በኩል እስከ ነጭ ዓባይ ይዘረጋል ተባለ። ኩባንያው ከሐዲዱ ጎን የቴሌግራፍ መሥመር እንዲዘረጋ፣ በጦርነት ጊዜም ሠራዊቱን ያለ ክፍያ እንዲያጓጉዝ ግዴታ ነበረበት። ዘመኑ ሲያልቅ ንብረቱ ለኢትዮጵያ መንግሥት ይመለሳል።

ከወረቀቱ ላይ ሲታይ ውሉ የአገሪቱን መብት የጠበቀ ይመስላል። ውል ሰጪው ንጉሠ ነገሥቱ ናቸው፤ ተቀባዩ የውጭ መንግሥት ሳይሆን በእጃቸው ያደገ፣ ቋንቋቸውን የሚናገር የራሳቸው መሐንዲስ ነው። ችግሩ ያለው ከወረቀቱ ውጭ ነበር። ኢልግም ሆነ ሸፍኔ ለባቡር ሥራ የሚበቃ ገንዘብ አልነበራቸውም። በረሃና ገደል የሚያቋርጥ በመቶዎች ኪሎ ሜትር የሚቆጠር ሐዲድ መዘርጋት የሚቻለው ከአውሮፓ ገበያ በሚገኝ ብድርና አክሲዮን ብቻ ነበር። ገንዘቡን የሚያቀርበው ወገን ደግሞ ውሎ አድሮ የባለቤትነት ድምፅ ይጠይቃል። ምኒልክ ኢልግን አምነው የሰጡት መብት በአክሲዮን ገበያ በኩል ወደማያምኑት እጅ የሚያልፍበት መንገድ ከመጀመሪያው ተከፍቶ ነበር።

በእነዚሁ ዓመታት ኢልግና ሸፍኔ በሌሎች ሁለት የመንግሥትነት ምልክቶች ላይም ሠርተዋል። የንጉሠ ነገሥቱ ምስል ያለበት ብርና የመጀመሪያዎቹ የኢትዮጵያ የፖስታ ቴምብሮች በ1894 በፓሪስ ተሠርተው ወጡ። ብሩ የማርያ ትሬዛን ብር ከገበያ ማስወጣት አልቻለም፤ ቴምብሩም ኢትዮጵያ በ1908 የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል እስክትሆን ድረስ ከአገር ውጭ ሙሉ ዋጋ አልነበረውም። ሆኖም ሁለቱም የውጫሌ ውል አንቀጽ 17 ባስነሣው ክርክር ወቅት ኢትዮጵያ በራሷ ስም የምትናገር መንግሥት መሆኗን በዓይን የሚያሳዩ ምስክሮች ነበሩ።

ጋብቻና ቤተሰብ

ኢልግ አርባ ዓመት ካለፈው በኋላ፣ በ1895፣ የአገሩን ልጅ ፋኒ ጋቲከርን አገባ። ያገባበት ዓመት በኢትዮጵያና በኢጣሊያ መካከል የነበረው ውዝግብ ወደ ጦርነት የተለወጠበት ነው። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በአድዋ የተገኘው ድል የወጣቷን ሙሽራ ዕጣም ወሰነ ማለት ይቻላል። ባሏ የሚያገለግለው መንግሥት ቢሸነፍ ኖሮ ወደ አዲስ አበባ የምትመጣበት ምክንያት አይኖርም ነበር።

ፋኒ በአዲስ አበባ ቤት ሠርታ ኖረች፤ ልጆችም ወለደች። ከተማይቱ ከተቆረቆረች አሥር ዓመት ያለፋት፣ ገና ከሰፈር ወደ ከተማነት በመሸጋገር ላይ የነበረች መናገሻ ናት። ቋሚ የሕክምና ተቋም፣ የተጠረገ መንገድ ወይም በቀላሉ የሚገኝ የአውሮፓ ሸቀጥ አልነበረም። ከባሕር የሚመጣው ነገር ሁሉ በግመልና በበቅሎ ጀርባ ነበር የሚጫነው። የኢልግ ቤት ግን የመሐንዲስ መኖሪያ ብቻ አልነበረም፤ ከአውሮፓ የሚመጣ መልእክተኛ ወደ ቤተ መንግሥቱ ከመግባቱ በፊትና ከወጣ በኋላ የሚያልፍበት ደጅ ነበር። የልዑካኑ ሚስቶች ገና ባልመጡበት ጊዜ በዚህ ቤት የአውሮፓ እመቤት መኖሯ የሚሰጠው ክብር ቀላል አይደለም። ልጆቹም የአባታቸውን አገር ከማወቃቸው በፊት ያወቁት አዲስ አበባን ነበር።

ቤተሰቡን የሚያሳዩ ፎቶግራፎች ኢልግ ከሰበሰባቸው ምስሎች ጋር በዙሪክ ተጠብቀው ይገኛሉ። ኢልግ ራሱ ፎቶግራፍ የሚያነሣ ሰው ስለነበር የቤተ መንግሥቱን ሥነ ሥርዓት፣ የግንባታ ሥራዎችንና የግል ኑሮውን በአንድ ዓይን አይቶ አስቀርቷል።

የመንግሥት አማካሪነት

በመጋቢት 1897 ምኒልክ ኢልግን የመንግሥት አማካሪ አድርገው ሾሙት፤ በአውሮፓ ሥርዓት የክቡርነት ማዕረግም ሰጡት። ከአድዋ ድል በኋላ አዲስ አበባ የመልእክተኞች መናኸሪያ ሆና ነበር። በዚያው ዓመት የፈረንሳዩ ላጋርድ፣ የእንግሊዙ ሮድ፣ ሌሎችም ለወሰንና ለንግድ ውል ተከታትለው መጡ። በሮድና በምኒልክ መካከል በተደረገው ድርድር ኢልግ በአስተርጓሚነትም በአማካሪነትም ተገኝቷል።

ይህ ሹመት የኢልግ የሕይወት ጫፍ ነው። ያለ ጠመንጃና ያለ ዘመድ ወደ ሸዋ የመጣው ወጣት አሁን የአውሮፓ መንግሥታት ወዳጅነቱን የሚሹት ወይም ጠላትነቱን የሚፈሩት ሰው ሆኗል። ኢጣሊያውያን ከውጫሌ ክርክር ጀምሮ እንደ ባላንጣ ያዩት ነበር። እንግሊዞች የፈረንሳይ ባቡር ሰው ነው ብለው ይጠረጥሩታል። ፈረንሳዮች ደግሞ ጥቅማቸውን በሚፈልጉት መጠን አላስጠበቀም ብለው ማኩረፋቸው አልቀረም። እያንዳንዱ ወገን የተለያየ ክስ ቢያቀርብም የክሱ ሥር አንድ ነው፤ አማካሪው ባለውልም ነበር።

የውሉ መናጋት

የባቡሩ ሥራ በ1897 መጨረሻ ከጅቡቲ ተጀመረ። መሐንዲሶቹ ብዙም ሳይቆዩ ሐዲዱን ወደ ሐረር ተራራ ማውጣት ከአቅም በላይ የሆነ ወጪ እንደሚጠይቅ ተረዱ። መሥመሩ በተራራው ግርጌ እንዲያልፍ ተወሰነ፤ በታኅሣሥ 1902 ሐዲዱ በደረሰበት ሜዳም ድሬዳዋ ተቆረቆረች። ከሐዲድ የተወለደች የመጀመሪያዋ የኢትዮጵያ ከተማ እርሷ ናት። ጥንታዊቷ ሐረር ከመሥመር ውጭ ስትቀር ሜዳው ከተማ ሆነ። ባቡር ያለውን ከተማ ከማገልገል ይልቅ አዲስ ከተማ የመፍጠር ኃይል እንዳለው ያን ጊዜ ታየ።

ገንዘቡ ግን ከሐዲዱ ቀድሞ አለቀ። ኩባንያው ከእንግሊዝ ባለሀብቶች መበደር ሲጀምር የፈረንሳይ መንግሥት ተደናግጦ በየካቲት 1902 ከኩባንያው ጋር ስምምነት ተፈራረመ። በስምምነቱ ለ50 ዓመታት በየዓመቱ 500,000 ፍራንክ ድጎማ ለመስጠት ቃል ገባ፤ በምላሹም በኩባንያው ላይ የቁጥጥር መብት አገኘ። ይህ ሁሉ ሲደረግ የመብቱ ሰጪ የሆኑት ምኒልክ አልተጠየቁም። ንጉሠ ነገሥቱ ለራሳቸው መሐንዲስ የሰጡት ውል የውጭ መንግሥት ንብረት ሊሆን መድረሱን ሲረዱ ተቆጡ፤ በድሬዳዋው የምረቃ በዓል ላይ አልተገኙም፤ ሥራውም ከድሬዳዋ አልፎ እንዳይቀጥል ከለከሉ።

የሚቀጥሉት ዓመታት ለኢልግ መራራ ነበሩ። እንግሊዝ መሥመሩ ዓለም አቀፍ ይሁን ስትል ፈረንሳይ የእኔ ነው ትላለች፤ ምኒልክ ሁለቱንም አያምኑም። በታኅሣሥ 1906 እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ኢጣሊያ ኢትዮጵያን ሳያማክሩ በተፈራረሙት የሦስትዮሽ ውል ባቡሩን ጨምሮ የየራሳቸውን የጥቅም ክልል ተከፋፈሉ። ኩባንያው ዕዳውን መክፈል አቅቶት ወደቀ። ኢልግ በዚህ ክርክር መካከል ሁለቱንም ማገልገል አልቻለም፤ ለንጉሠ ነገሥቱ ወግኖ ቢናገር የራሱን ውል ያፈርሳል፤ ለውሉ ቢቆም የንጉሠ ነገሥቱን እምነት ያጣል።

በ1907 ሥራውን ለቅቆ ከቤተሰቡ ጋር በዙሪክ ኖረ። ምኒልክም በዚያን ጊዜ በሕመም እየተዳከሙ ነበር። በጥር 1908 አዲሱ የባቡር ውል ለንጉሠ ነገሥቱ ሐኪም፣ ለጓዴሎፑ ተወላጅ ለዶክተር ጆሴፍ ቪታልየን ተሰጠ፤ የፈረንሳይና የኢትዮጵያ የምድር ባቡር ኩባንያም ተቋቋመ። ምኒልክ አሁንም ውሉን የሰጡት ለሚያምኑት የቤተ መንግሥት ሰው መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም። በመሐንዲሱ ቦታ ሐኪሙ ገባ እንጂ ዘዴው አልተለወጠም፤ ውጤቱም ተመሳሳይ ነበር፤ ገንዘቡን የያዘው ባቡሩን ያዘ።

ሐዲዱ ወደ ስምጥ ሸለቆ

በአዲሱ ውል ሐዲዱ ከድሬዳዋ ተነሥቶ የጨርጨርን ተራሮች በስተግራ ትቶ ቆላውን እየተከተለ ወደ አዋሽ ቀጠለ። የአዋሽን ገደል በብረት ድልድይ ተሻግሮ በመተሐራ ሜዳና በበሰቃ ሐይቅ አጠገብ አለፈ። መተሐራ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,000 ሜትር በታች፣ አዳማ ደግሞ ከ1,600 ሜትር በላይ ናቸው። ስለዚህ በሁለቱ መካከል ባቡሩ ከ600 ሜትር በላይ ሽቅብ ይወጣል። በእንፋሎት የሚሠራ ባቡር ይህን የመሰለ አቀበት ሲወጣ ብዙ ውኃና ማገዶ ይፈጃል፤ በየተወሰነ ርቀትም ውኃ የሚቀዳበት፣ ባቡሮች የሚተላለፉበትና ሠራተኛ የሚያርፍበት ጣቢያ ያስፈልገዋል። የጣቢያዎቹ ቦታ በአብዛኛው የተወሰነው በዚህ የቴክኒክ ግዴታ ነው።

አዳማ ከአቀበቱ በላይ ባለው ሜዳ ላይ በመገኘቷ ተጠቃሚ ሆነች። በአሩሲ የሚመረተው እህል ወደ ባቡር የሚደርስባት፣ ከሐረርጌ የሚመጣውም ወደ መሐል አገር የሚያልፍባት መገናኛ ሆነች። ሞጆም በተመሳሳይ ሁኔታ ወደ ደቡብ ሐይቆች ለሚወስደው የመኪና መንገድ መነሻ ሆነች፤ መቂ፣ ዝዋይና ሻሸመኔ በዚያ መንገድ አደጉ። በኋላ በ1954 የወንጂ ስኳር ፋብሪካ፣ በ1960 የቆቃ ግድብ ሲጨመሩ አዳማ የአካባቢው ዋና ከተማ ሆነች። ንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴ ናዝሬት ብለው ቢሰይሟትም በ2000 አዳማ የሚለው የኦሮምኛ ስሟ በይፋ ተመልሶላታል።

ኢልግ ይህን ሁሉ አላየም። ምኒልክ በታኅሣሥ 1906 ዓ.ም. ሲያርፉ ሐዲዱ አዲስ አበባ አልደረሰም ነበር። ኢልግም ጥር 7 ቀን 1916 በአውሮፓውያን አቆጣጠር በዙሪክ በ61 ዓመቱ ሞተ። 784 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው መሥመር አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። ወደ ከፋና ወደ ነጭ ዓባይ ይዘረጋል የተባለው የውሉ ሦስተኛ ክፍል ግን በወረቀት ላይ ቀረ።

የተውት ቅርስ

ከኢልግ የቀረው ቅርስ በሦስት መልክ ይገኛል። የመጀመሪያው ከቤተ መንግሥት በስጦታ ያገኛቸውንና በግሉ የሰበሰባቸውን የኢትዮጵያ የጥበብ ሥራዎችና ፎቶግራፎች የያዘው በዙሪክ ዩኒቨርሲቲ የሕዝቦች ጥናት ሙዚየም ያለው ስብስብ ነው። ኤልሳቤት ቢያዚዮ በ2004 ባሳተመችው ጥናት ስብስቡን ለአንባቢ አቅርባዋለች። ሁለተኛው ከምኒልክና ከሹማምንቱ የተቀበላቸው የአማርኛ ደብዳቤዎች ናቸው፤ ባሕሩ ታፍላ ከ1884 እስከ 1900 ያሉትን መርጦ በ2000 አሳትሟል። ዙሪክ ላይ ኮንራድ ኬለር በ1918 የጻፈው የሕይወት ታሪክ የመሐንዲሱን ወገን ሲናገር እነዚህ ደብዳቤዎች የአሠሪውን ወገን ያሰማሉ። ንጉሡ ምን እንዳዘዙ፣ በምን እንደተደሰቱና በምን ቅር እንደተሰኙ በራሳቸው ቋንቋ ስለሚገልጹ የኢልግ ታሪክ በአውሮፓ ምንጮች ብቻ እንዳይጻፍ ያደርጋሉ።

ሦስተኛው ሐዲዱና ሐዲዱ የፈጠራቸው ከተሞች ናቸው። አሮጌው ባቡር ሥራ ካቆመ በኋላ በ2016 አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ሲመረቅ በአዳማ በኩል ወደ ጅቡቲ የሚሄደውን ያንኑ አቅጣጫ ተከትሏል።

ማጠቃለያ

የአልፍሬድ ኢልግ ሕይወት የቴክኒክ ዕውቀትና የፖለቲካ ሥልጣን በአንድ ሰው እጅ ሲገናኙ ምን እንደሚሆን ያሳያል። ድልድይ ሲሠራና ውኃ በቧንቧ ሲያስገባ ሥራው የሚመዘነው በዓይን በሚታይ ውጤት ነበር፤ በዚህ ማንም አልተከራከረውም። ባቡሩ ግን ከብረት ይልቅ የውልና የገንዘብ ጉዳይ ነበር። ምኒልክ ኢትዮጵያን ከውጭ ኃይል ለመጠበቅ መብቱን ለሚያምኑት ሰው ሰጡ፤ ታማኝነት ግን ካፒታልን ሊተካ አልቻለም። ኢልግ በግሉ ንጉሡን ከዳ ለማለት የሚያበቃ ማስረጃ የለም። ጉድለቱ ያለው አማካሪነትንና ባለውልነትን ለአንድ ሰው በሰጠው አሠራር ላይ ነው። ይህም ለቪታልየን በተሰጠው ሁለተኛ ውል ሳይታረም ተደግሟል።

ከድሬዳዋ እስከ ቢሾፍቱ ያሉት የባቡር ከተሞች ታሪክ ሲጠና ስለ ጣቢያዎቹ መሐንዲሶችና ስለ ነጋዴዎቹ ብቻ መመርመር በቂ አይሆንም። መሥመሩ ለምን ዘገየ፣ ለምን ከደጋው ወደ ቆላው ወረደ፣ ለምንስ በውጭ ኩባንያ ስም ተጠናቀቀ የሚሉት ጥያቄዎች መልስ ከ1894ቱ ውል ይጀምራል። የአዳማ ከተማ ታሪክ አንድ ምዕራፍ፣ ከተማይቱን ሳያያት በሞተው ስዊዘርላንዳዊ ደብዳቤዎችና ሰነዶች መካከል ይገኛል።